ቪዲዮው ውስጥ ያለችው እጅ

ወንድሜ ስልክ ውስጥ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የምትፈጅ ቪዲዮ አለች። መጀመሪያ ሰሞን አጥፋት እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር፣ አሁን ግን እንዳትጠፋ ብዬ እኔው ራሴ ሦስት ቦታ አስቀምጫታለሁ። ቪዲዮዋ ላይ ውሻችን ቻለው የግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ አራቱም እግሮቹ እየተንፈራገጡ፣ አፉ አረፋ እየደፈቀ፣ ዓይኑ ፈጦ ግን ምንም ሳያይ ይታያል። ሠላሳኛው ሰከንድ አካባቢ ከቀኝ በኩል አንዲት እጅ ትገባና አፉን ለመክፈት ትታገላለች። የኔ እጅ ናት። ሁለት ዓመት ሆነው፣ እስካሁን ግን እዛ ቦታ ላይ ስትደርስ ሆዴ ይላወሳል።

ቻለው የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቴ ናት። በእናቴ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ አይወጣም፣ ለጎረቤትም ለራስም የሚተላለፍ መልእክት አለበት፣ እሱ ደግሞ አባቴ ባረፈ በዓመቱ የመጣ ቡችላ ስለሆነ ቻለው ተባለ። ተራ የሰፈር ውሻ ነው፣ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ አንድም ቀን አሞት አያውቅም።

ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ

ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር፣ ከበር ውጪ ቆርቆሮ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ሰማንና ወጣን፣ ቻለው እግሩ የውኃ ጀሪካኑን እየመታ ነው። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ላይ የሆነ ነው የሚመስለኝ። እናቴ "ክብሪት! ክብሪት ጫሪና አሽቺው!" ትላለች፣ ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል (ያኔ በጣም ተናድጄበት ነበር)፣ እኔ ደግሞ ምላሱን ሊውጠው ነው፣ ታፍኖ ሊሞትብኝ ነው ብዬ እጄን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ነከሰኝ። ሁለት ጣቴና መዳፌ ላይ፣ ክራንቻው አጥንት የነካ እስኪመስለኝ ድረስ።

መንፈራገጡ ሲቆም ደግሞ የባሰው መጣ። ቻለው ተነሳ ግን ቻለው አልነበረም። ግድግዳ እየገጨ ግቢውን ይዞራል፣ ስሙን ስጠራው አያየኝም፣ እናቴ ስትጠጋው አጉረመረመባት፣ ከአፉ ልጋጉ ይዝረበረባል፣ እኔ እጄ ደም በደም ሆኗል። ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሼ፣ አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡና "ልጄ ዞር በይ። ይሄ አብዷል" አሉኝ።

በጋሼ አልፈርድም። እሳቸው ልጅ ሆነው ገጠር እያሉ በእብድ ውሻ የተነከሰ ዘመዳቸው ውኃ እየጠማው ውኃ ሲያይ እየጮኸ ሲሞት አይተዋል፣ ይሄን ደጋግመው ሲያወሩት ሰምተናል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። አረፋ፣ ጉርምርምታ፣ ባለቤቱን መንከስ፣ ግድግዳ መግጨት... እሳቸው ያዩትን ሁሉ አሟልቶ ነበር እኮ ውሻው። እኔም ልቤ ውስጥ አምኛቸው ነበር። ዞር ያላልኩት ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፣ እግሬ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነው። እናቴ ናት በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ገፋ አድርጋ የድሮው ኩሽና ውስጥ አስገብታ በሩን የዘጋችበት።

ለአፍታ የቆመው ቪዲዮ

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሄድኩት። እዛ ያለችው ነርስ ገና ምን እንደሆነ ነግሬያት ሳልጨርስ እጄን ቧንቧ ስር አስገብታ በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አሳጠበችኝ፣ ያማል፣ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ ከመርፌው ቀጥሎ ያለ ትንሽ ነገር ሳይሆን የሕክምናው ዋና ክፍል እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ክትባቱንም በዛው ቀን ጀመርኩ፣ ውሻው ምን እንደሚሆን ልጠብቅ አይባልም። እናቴ ድሮ ፓስተር የሚባለው ተቋም ድረስ እየተሄደ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ እያሰበች ስታለቅስልኝ ነበር፣ የዛሬው ክንድ ላይ ነው፣ ቀኑም የተራራቀ ነው።

ከሰዓት ዶክተሩ ግቢያችን ድረስ መጣ። ቢሾፍቱ የተማረ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ረጋ ያለ። ጋሼም እናቴም ሌሎችም ከበውት ሁሉም በየራሱ ያያትን ሲያወራ ዝም ብሎ ሰማና "የቀረጸ አለ?" አለ። ወንድሜ ስልኩን ሰጠው። ደረጃው ላይ ተቀምጠን አየነው። እኔ ቢያንስ አሥር ደቂቃ የፈጀ ነበር የመሰለኝ፣ ከታች ያለው ቁጥር ግን 1፡40 ይላል። ዶክተሩ አንዴ አይቶ ጨረሰና ወደ ኋላ መልሶ እጄ ስትገባ ቪዲዮውን አቆመው።

"እህቴ፣ እዚህ ጋ እይው። ከአንቺ ጋር እየታገለ ይመስልሻል?"

አየሁት። አየሁት ስላችሁ በእውነት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት ማለቴ ነው። መንጋጋው እጄ ሳትገባም በፊት እየተከፈተ እየተዘጋ ነበር፣ እጄ ገባች፣ መዝጋቱን ቀጠለ፣ እጄ ወጣች፣ ያንኑ እያደረገ ነው። ዓይኑ አንዴም ወደኔ አልዞረም። ጠዋት ሙሉ "ነከሰኝ" እያልኩ ያወራሁት ነገር ንክሻ አልነበረም፣ በር ሲዘጋ ጣት እንደሚይዘው ማለት ነው። ቻለው እዛ ቪዲዮ ውስጥ የለም፣ የሚጥል በሽታ እንደሚያደርገው አንጎሉ ውስጥ እንደ መብረቅ ያለ ነገር በአንዴ ተቀጣጥሎ ጡንቻዎቹን ሁሉ ያለ እሱ ፈቃድ ያንቀሳቅሳል፣ እሱ ራሱ ምንም አያውቅም። ምላስ ደግሞ አይዋጥም፣ ውሻም ሰውም ምላሱን መዋጥ አይችልም። ለመርዳት ብዬ የገባሁበት አደጋ ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው።

እና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ቁስሌ አልነበረም። ዱላው ነው ያስደነገጠኝ። ጠዋት ላይ ጋሼ ዱላውን ቢያነሱ ኖሮ ምክንያቱ የኔ እጅ ነው የሚሆነው። እኔ ባልገባ ኖሮ ደም የለም፣ "ባለቤቱን ነከሰ" የሚል ወሬ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ዶክተሩ እብደት አይደለም ብሎ አልማለም፣ ይሄን ስላላደረገ እስከዛሬ አከብረዋለሁ። የቻለው የመጨረሻ ክትባት ጊዜው አልፎበታል፣ ይሄ የኛ ጥፋት ነው። እብድ ውሻም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ግን ለጋሼ እንዲህ አላቸው፣ "አባቴ፣ በሽታው ኖሮበት ዛሬ ወደ እሷ ሊያስተላልፍ የሚችል ከሆነ ከ10 ቀን አያልፍም፣ ይታመማል ይሞታል። ታስሮ ይጠበቅ። ዛሬ ከገደሉት ግን ምን እንደነበረ የሚነግረን የለም፣ ጭንቅላቱ ተወስዶ አንጎሉ ካልተመረመረ በቀር።" ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ ቆዩና "10 ቀን" ብለው ወጡ።

10 ቀን

ዶክተሩ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ፣ ድጋሚ ከመጣ እጅሽን ሰብስቢና ሰዓት ያዢ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ የምትወዱት ነገር ፊታችሁ ሲንፈራገጥ እጃችሁን ሰብስባችሁ ሰዓት ቁጠሩ። አራተኛው ቀን ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ መጣ። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ላይ እያሉ ወይ ሊነቁ ሲሉ እንደሚመጣ ተነግሮኝ ስለነበር ከኩሽናው አጠገብ ነበር የተኛሁት። በመስኮቱ ሳይ ጀምሮታል። የስልኬን ሰዓት አስጀመርኩ። ከሚመታው ነገር ማራቅ ነበረብኝ፣ በሩን ከፍቼ ከጀርባው በኩል ሆኜ ጀሪካኑንና ብረት ድስቱን አወጣሁ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ከግድግዳው ጋር አስገባሁለት፣ ወደ አፉ አልሄድኩም፣ መብራት አላበራሁም፣ አልጮህኩም፣ ውኃም አልደፋሁበትም (ውኃው ወደ ሳንባው ይገባል)። ከዛ ወጥቼ ቆጠርኩ። 40፣ 41፣ 42... እናቴ ከኋላዬ ቆማ ክብሪቱን ይዛለች፣ ግን አልጫረችም።

1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ላይ ቆመ።

መቁጠሩ ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ራሱ አይቆምም ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ሰውነቱ እየጋለ አንጎሉ እየተጎዳ ስለሚሄድ ቀጥታ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፣ መንገድ ላይ መዳፉንና ሆዱን ቀዝቀዝ ባለ ጨርቅ እያረጠቡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ በላይ ከመጣ፣ ወይ ከአንዱ ሳይነቃ ሌላው ከቀጠለም እንደዛው። እንዲህ ለሚያደርጋቸው ውሾች ሐኪም በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም የሚባል መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ያዛል። ከዛ በታች ከሆነ ግን የሚያቆመው ራሱ ነው፣ የሰው ሥራ መጠበቅ ነው። በዛ ላይ መቁጠር ለኔ ለራሴ የሆነ ነገር ሆነኝ፣ ቁጥር እየጠራሁ ስለሆነ አልጮህኩም፣ ስላልጮህኩ አየሁ።

ሲነሳም ያው ግድግዳ መግጨቱና አለማወቁ መጣ። ለካ ይሄም የበሽታው አንድ ክፍል ነው፣ አንጎሉ ከዛ ሁሉ ወጀብ በኋላ እስኪመለስ ለተወሰነ ጊዜ አያይም፣ ይዞራል፣ ይርበዋል፣ ሰው አይለይም፣ አንዳንዱ ውሻ ደቂቃዎች አንዳንዱ ሰዓታት ይፈጅበታል። እና እኛ አገር ውሾች የሚሞቱት እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲንፈራገጡ ሰው ይፈራል እንጂ አይመታም፣ ሲነሱና ባለቤታቸውን ሳያውቁ ሲቀሩ ነው "አብዷል" የሚባለው። ዶክተሩ የነገረኝ ልዩነት ጊዜ ነው፣ ያበደ ውሻ እየባሰበት ይሄዳል እንጂ ጠዋት ወድቆ ማታ ጭራውን እየቆላ እንጀራ ፍትፍት አይበላም። ቻለው ማታውን በልቷል። አምስተኛው ቀን በላ፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። አሥረኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ራሳቸው መጥተው በመስኮቱ አዩት። ቻለው ጮኸባቸው፣ እንደ ድሮው። "ደህና ነው" አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ምን በልቶ ነው?

ከዛ ነው ዋናው ጥያቄ የመጣው፣ ለምን? ዶክተሩ ደም ወሰደ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ስኳር አየ። ከደሙ በላይ ግን ስለ ግቢያችን ነበር የጠየቀው። የአይጥ መርዝ አስቀምጣችኋል? ማላታይን ረጭታችኋል? ከደጅ ሥጋ አንስቶ በልቶ ያውቃል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ከባድ ነው፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስትሪክኒን የሚባል መርዝ በተቀባ ሥጋ መግደል ለብዙ ዓመት የተሠራበት ነገር ስለሆነ ልጅ ሆነን ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ግትር ብለው የሞቱ ውሾች እናይ ነበር።

ዶክተሩ ሲያስረዳኝ በጣም ያመመኝ ይሄ ነው። ስትሪክኒን የበላ ውሻ ሲያዩት የሚጥለው ውሻ ይመስላል፣ ግን ራሱን አይስትም። እያወቀ ነው ጡንቻው ሁሉ እንደ እንጨት የሚገተረው፣ ሲነኩት ወይ ድምፅ ሲሰማ ይብስበታል፣ በመጨረሻ የሚተነፍስበት ጡንቻ ሳይቀር ተይዞ ይታፈናል። እኛ ልጆች ሆነን ድንጋይ እየወረወርን "ሞቷል አልሞተም" እንል ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የቻለው ደም ንጹህ ሆነ። ዕድሜው ደግሞ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው መሀል ነው፣ ያለ ሌላ ምክንያት የሚመጣው የሚጥል በሽታ ውሻን በብዛት የሚጀምረው በዚህ ዕድሜ ነው። በሁለት ሳምንት ሁለቴ ጥሎታል፣ በ6 ወር ውስጥ ሁለቴና ከዛ በላይ ከሆነ መድኃኒት ይጀመራል ተባልኩና ፌኖባርቢታል ታዘዘለት፣ በየ12 ሰዓቱ፣ በኪሎው ልክ። የመጀመሪያ ሳምንታት ሰክሮ እንደዋለ ሰው ይንገዳገድ ነበር፣ ውኃ ይጠጣል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ይተኛል፣ በኋላ ተስተካከለ። ጉበቱ በየጊዜው በደም መታየት አለበት። ተሽሎታል ብሎ በድንገት ማቆም ደግሞ አይቻልም፣ ያኔ ከበፊቱ የባሰ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ስትራፖ

አንድ ሌላ ሌሊት ደግሞ ልንገራችሁ። መድኃኒቱን ከጀመረ ሰባት ወር ገደማ ሆኖታል፣ ቀኑን ወንድሜ እንጦጦ ይዞት ወጥቶ ሲሮጥ ውሏል። ማታ ተኝቶ ሳለ ጮኸ፣ ሮጬ ስወጣ የኋላ ቀኝ እግሩ ግትር ብሎ ይንቀጠቀጣል። ሰዓቴን ጀመርኩ፣ ግን የሆነ ነገር ልክ አልመጣልኝም። እየጮኸ ነው። ጥሎት በነበረ ጊዜ እኮ እንዲህ አይጮህም። "ቻለው" አልኩት። ዞሮ አየኝ! ጆሮው ሁሉ ወደኔ ተቀሰረ።

እግሩ ስትራፖ ይዞት ነው፣ ኳስ ተጫዋቾች እንደሚይዛቸው። አንድ እግር ብቻ፣ ያውቃል፣ ያመዋል፣ ልጋግ የለም፣ ሽንት አላመለጠውም፣ ሲለቀውም ግድግዳ መግጨት የለም። ያኔ እጄን መሰብሰብ አላስፈለገኝም። ጡንቻውን ቀስ ብዬ አሸሁለት፣ እግሩን ሳላስገድድ ዘረጋሁለት፣ ለብ ያለ ጨርቅ አደረግሁበት፣ ውኃ ሰጠሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነስቶ አነከሰና ተኛ።

ስሙን መጥራት በጣም ጥሩ መለያ ነው፣ ግን ሁሉንም አይመልስም። ፊቱ አንድ ጎን ብቻ የሚርገበገብበት፣ የሌለ ዝንብ ለመያዝ አየር የሚነክስ ውሻ አለ፣ እየሰማችሁም ከአንጎሉ ሊሆን ይችላል። ደግሞ እያወቁ መንቀጥቀጥ ሁሉ ስትራፖ አይደለም። ታች ያሉት እትዬ ትንሿ ውሻቸው አምስት ወልዳ ሦስተኛ ሳምንቷ ላይ እየተንቀጠቀጠች፣ እያለከለከች፣ እግሯ ተገትሮ ቡችሎቿን እንኳን ማጥባት አቅቷት "ያንቺ ውሻ በሽታ ያዛት" ብለው መጡብኝ። እሱ ካልሲየም ነው፣ በወተት አልቆባት ነው፣ ዶክተሩ በደም ሥር ቀስ እያለ ሰጥቷት በዛው ቀን ተነሳች። ማሸት ላይ ብንቆይ ኖሮ ትሞት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ክብሪቱ

መድኃኒቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፋርማሲ ስገዛ እሽጉን አገላብጬ አየሁትና አወቅሁት። ይሄ እንክብል ሰው ላይ የሚጥል በሽታን ለማከም የዋለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፣ እስከዛሬም እኛ አገር ብዙ ሰው የሚወስደው እሱን ነው። እኔ ያየሁት ግን አንድ ሰው ቤት ነው፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አብራኝ የተቀመጠች ልጅ ቤት። እናቷ ከእቃ መደርደሪያው ላይ ከስኳሩ ቆርቆሮ ኋላ ይደብቁት ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፣ እሳቸው ግን መድኃኒቱን ነበር የሚሸሽጉት፣ ልጅቷን የሚያገባት እንዳታጣ።

ክፍል ውስጥ ስትወድቅ እንሸሻለን። ልጋጓ ከነካን ይይዘናል ተብለናላ። አንድ ትልቅ ሰው ይመጣና ክብሪት ጭሮ ጢሱን አፍንጫዋ ስር ያደርጋል፣ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ትነቃለች፣ ክብሪቱ አነቃት እንላለን። ክብሪቱ ምንም አላደረገም፣ ጊዜው ደርሶ ነው ያቆመው፣ እንደ ቻለው። በሽታው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በጎኗ አስተኝቶ፣ ከጭንቅላቷ ስር ሹራብ አድርጎ፣ አፏን ሳይነኩ ቆጥሮ መጠበቅ ብቻ ነበር፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት። ይሄን እኔ 31 ዓመት ሞልቶኝ በውሻ ነው የተማርኩት። ይሄ ነገር ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ የኖረው።

ባለፈው ጥቅምት ቁጥሯን አግኝቼ ደወልኩላት። ኮተቤ ነው የምትኖረው፣ አግብታለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ መድኃኒቷን አሁንም ትወስዳለች፣ ከጣላት አራት ዓመት አልፏል። ስለ ውሻ ማውራት ይደብራታል ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር፣ ሰውን ከውሻ ጋር አመሳሰልሽ ብትለኝ ምን እላለሁ? ግን ሌላ የምነግራት ነገር ስላልነበረኝ ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ እጄን፣ ዱላውን፣ ቆጠራውን። ሳትናገር ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

"ሲነቃ ማን ነበር አጠገቡ?"

"እኔ" አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ልጆቿ ሲጫወቱ ይሰማል። "እኔ ሁሌ ስነቃ የክብሪት ሽታ ነበር" አለችኝ፣ "ሰው ግን አልነበረም።"

ቅዳሜ ልጆቿን ይዛ ቤታችን ትመጣለች። ትልቁ ልጅ ውሻ ይፈራል ብላኛለች፣ ቻለውን ቀድሜ አስረዋለሁ።